በአነስተኛ የኮራል አኳሪየም ውስጥ ቡናማ አልጌን መቆጣጠር፦ ለአዲስ አበባ ውሃና ከፍታ የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

አዲስ የተቋቋመ የባሕር ውሃ አኳሪየም ውሃው ጠርቶ፣ አሸዋው ነጥቶ ባለቤቱን ደስ ባሰኘ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ግድም ከታች ጀምሮ መጠየም ይጀምራል። በመጀመሪያ አሸዋው ላይ የሰፈረ አቧራ የሚመስል ቡናማ ሽፋን ይታያል፤ ቀጥሎ ድንጋዩን፣ ከዚያም መስታወቱን ይይዛል። በጣት ሲነካ ያለ ምንም ትግል ይለቅቃል፤ ጠዋት የተጠረገው ግን ማታ ተመልሶ ይገኛል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ይደናገጥና አንድ ሰሞን ውሃውን ደጋግሞ ይቀይራል፣ መድኃኒት ያፈላልጋል፣ አልፎ አልፎም ገንዳውን አፍርሶ እንደገና ይጀምራል። ከሁሉ የሚያሳዝነው የመጨረሻው ነው፤ ገንዳውን ያፈረሰ ሰው ለዚሁ ሽፋን የሚመች አዲስ ባዶ ቦታ ከማዘጋጀት በቀር ያተረፈው ነገር የለም።

ይህ መመሪያ ከ40 እስከ 100 ሊትር ውሃ የሚይዝ ገንዳ፣ ለምሳሌ ፒያሳ፣ አራት ኪሎ ወይም ካዛንቺስ ባለ አፓርታማ ውስጥ ላቋቋሙ ሰዎች የተጻፈ ነው። ለስሌት እንዲያመች 60 ሊትር የሚይዝ ገንዳ እንደ ምሳሌ ተወስዷል። ከሚከተሉት ደረጃዎች ሁሉ አብዛኛውን ቦታ የያዘው የውሃ ምንጭ ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም ቡናማ አልጌ በገንዳው ውስጥ የሚቆይበት ዕድሜ የሚወሰነው በየቀኑና በየሳምንቱ በምንጨምርለት ውሃ ነው።

ቡናማው ሽፋን ምንድን ነው?

በአዲስ ገንዳ ውስጥ የሚታየው ቡናማ ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ ዲያቶም የሚባል ባለ አንድ ሕዋስ አልጌ ነው። ዲያቶም ከሌሎች አልጌዎች የሚለየው የሕዋሱን ቅርፊት ከሲሊካ፣ ማለትም መስታወት ከሚሠራበት ንጥረ ነገር፣ ስለሚገነባ ነው። ስለዚህ ብርሃን፣ እንዲሁም ከምግብ ትራፊና ከዓሣ ቆሻሻ የሚመጡትን ናይትሬትና ፎስፌት ቢያገኝም እንኳ በውሃው ውስጥ የሟሟ ሲሊካ ካላገኘ ሊባዛ አይችልም። አዲስ ገንዳ ደግሞ ሲሊካውም ባዶ ቦታውም ያለው፣ ቦታውን የሚሻሙ ባክቴሪያዎችና ሮዝ መልክ ያላቸው ጠንካራ የድንጋይ አልጌዎች ግን ገና ያልሰፈሩበት መኖሪያ ነው። ዲያቶም በፍጥነት ስለሚባዛ ቀድሞ ይይዘዋል።

ዲያቶም በራሱ ጎጂ ፍጡር አይደለም። በምድር ላይ ከሚካሄደው የብርሃን አስተጻምሮ አንድ አምስተኛ ገደማ የሚሆነው የዲያቶሞች ሥራ ነው። እኛም አገር በስምጥ ሸለቆ፣ በዝዋይና በሻላ ሐይቆች አካባቢ፣ በጥንት ሐይቆች ወለል ላይ ለብዙ ሺህ ዓመታት የተጠራቀመ የዲያቶም ቅርፊት ነጭና ቀላል አፈር ሆኖ ይገኛል። በገንዳ ውስጥም ለቀንድ አውጣዎችና ለጥቃቅን ፍጥረታት ምግብ ነው። የሚያሳስበን ሲበዛ፣ ኮራል ላይ ሲሰፍርና ከወራት በኋላም አልሄድ ሲል ነው።

ደረጃ 1፦ ዲያቶም መሆኑን ማረጋገጥ

ከምንም እርምጃ በፊት መለየት ይቀድማል፤ ለአንዱ የሚጠቅመው ሕክምና ሌላውን የሚያባብስበት ጊዜ አለና። ከዲያቶም ጋር የሚምታቱ ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ሳይኖባክቴሪያ ሲሆን ቀለሙ ወደ ቀይ ወይም ጥቁር ቡናማ ያደላል፣ እንደ ስስ ቆዳ ተያይዞ በአንድ ላይ ይላጣል፤ በተለይ ውሃው በማይንቀሳቀስበት ጥግ ይበረታል። ሁለተኛው ዳይኖፍላጄሌት ነው። ይህኛው ንፍጥ መሰል ሆኖ በክር መልክ ይንጠለጠላል፣ በክሮቹ ጫፍ ላይ የአየር አረፋ ይይዛል፣ አንዳንድ ዝርያዎቹም ቀንድ አውጣዎችን የሚገድል መርዝ አላቸው። ዲያቶም ደግሞ ዱቄት መሰል ነው፤ ሲነካ ይበተናል እንጂ አይላጥም፣ አይዘረጋምም። በጠንካራ ብርሃን ሥር ዲያቶምም አረፋ ሊያወጣ ስለሚችል፣ እንዲሁም ሌሊት መቀነስ ሁለቱም ላይ ስለሚታይ፣ በአረፋው ወይም በሌሊቱ ብቻ መወሰን አይገባም።

በቤት ውስጥ የሚሠራ ቀላል ፍተሻ አለ። ከሽፋኑ ጥቂት ከገንዳው ውሃ ጋር በንጹሕ ጠርሙስ ይውሰዱ፤ ክዳኑን ገጥመው እስኪፈራርስ ድረስ በደንብ ይበጥብጡት፤ ከዚያ በቡና ማጣሪያ ወረቀት ወይም በሶፍት ያጥልሉት። የተጣራውን ውሃ በብርሃን ሥር ለአንድ ሰዓት ያህል ያቆዩት። ዳይኖፍላጄሌት ከሆነ በወረቀቱ ያለፉት ሕዋሳት እንደገና ተሰባስበው ክር ወይም ጉብታ ይሠራሉ፤ ዲያቶም ከሆነ ግን እንዲህ ያለ መሰባሰብ አይታይም። ማይክሮስኮፕ የማግኘት ዕድል ካለዎት፣ ለምሳሌ አራት ኪሎ ሳይንስ የሚማር ዘመድ ካለ፣ በ400 እጥፍ ሲታይ ጥርጥሩ ሁሉ ይወገዳል፤ ዲያቶም ጠርዙ የተስተካከለ፣ ጀልባ ወይም በትር የመሰለ ቅርፊት ይዞ ቀስ ብሎ ይንሸራተታል ወይም ጸጥ ብሎ ይቀመጣል፣ ዳይኖፍላጄሌት ግን አብዛኛውን ጊዜ እየተሽከረከረ ይዋኛል።

ፍተሻው ዳይኖፍላጄሌት መሆኑን ካሳየ ከዚህ በታች ያለውን አይከተሉ። ያ ችግር ብዙ ጊዜ የሚመጣው ናይትሬትና ፎስፌት ከመጠን በላይ ሲወርዱ ስለሆነ፣ ውሃውን ይበልጥ ማንጻት ጉዳቱን ያበረታዋል። እንዲያውም በዚያ ጊዜ ዲያቶም እንዲበቅልና ቦታውን እንዲሻማ ሆን ብለው ሲሊካ የሚጨምሩ ልምድ ያላቸው ሰዎች አሉ።

ደረጃ 2፦ ሲሊካው ከየት እንደሚመጣ መፈለግ

አዲስ አበባ የምትጠጣው ውሃ ከሁለት ዓይነት ምንጭ ይመጣል፤ አንደኛው ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች የሚጣራ የገጸ ምድር ውሃ ነው፤ ሁለተኛው ከአቃቂ አካባቢና ከሌሎች ጉድጓዶች የሚሳብ የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ከተማዋ የተቀመጠችበት አለት የእሳተ ገሞራ አለት በመሆኑ፣ በዚህ አለት ውስጥ ሲንሸራሸር የቆየ የከርሰ ምድር ውሃ ሲሊካ ይዞ ይወጣል። ለሰው ጤና ይህ ምንም ማለት አይደለም። ለዲያቶም ግን ቀለቡ ነው። ወደ ቤትዎ የሚደርሰው ውሃ ከየትኛው ምንጭ እንደሆነ በጣዕምም በመልክም ስለማይለይ መለካት ያስፈልጋል።

የሲሊካው ጉዳይ ምን ያህል እንደሚከብድ ለማየት ቀለል ያለ ስሌት እንሥራ። የቧንቧው ውሃ በሊትር 20 ሚሊ ግራም ሲሊካ አለው እንበል። በደረቁ የበጋ አየር 60 ሊትር የሚይዝ ክፍት ገንዳ በቀን 1 ሊትር ያህል ሊተን ይችላል። የሚተነው ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው፤ ጨውም ሲሊካም በገንዳው ይቀራሉ። የተነነውን በቧንቧ ውሃ ከተካነው በየቀኑ 20 ሚሊ ግራም ሲሊካ ይገባል፤ ለ60 ሊትር ሲካፈል በሊትር 0.33 ሚሊ ግራም ማለት ነው፤ በ30 ቀን ደግሞ በሊትር 10 ሚሊ ግራም ይደርሳል። በዚህ ላይ በየሳምንቱ 6 ሊትር ውሃ ስንቀይር በተመሳሳይ ውሃ የተዘጋጀ ከሆነ በእያንዳንዱ ለውጥ በሊትር 2 ሚሊ ግራም ይጨመራል። በኮራል ባሕሮች ወለል ላይ የሚገኘው ሲሊካ ግን በተለምዶ በሊትር ከ1 ሚሊ ግራም በታች ነው። እንግዲህ ባለቤቱ አልጌውን ለማጥፋት ውሃ በቀየረ ቁጥር አልጌውን ይቀልባል ማለት ነው።

ስለዚህ የሲሊካ መለኪያ ኪት ካገኙ ሦስት ዓይነት ውሃ ይለኩ፤ የቧንቧውን፣ ከማጣሪያዎ የሚወጣውንና የገንዳውን። ወሳኙ ሁለተኛው ነው። የገንዳው ውሃ ዝቅተኛ ሲሊካ ማሳየቱ ብቻውን ሊያዘናጋ አይገባም፤ ዲያቶሞቹ የገባውን ሁሉ ወዲያው ወደ ቅርፊታቸው ስለሚያስገቡት፣ ሽፋኑ በዝቶ ውሃው ባዶ ሊመስል ይችላል።

ስለ አሸዋ ብዙ ጥያቄ ይነሳል። ነጩ የሲሊካ አሸዋ በባሕር ውሃ ውስጥ እጅግ በዝግታ ስለሚሟሟ ዋናው ተጠያቂ እሱ አይደለም፤ ከግንባታ ቦታ የሚገኝ ጥቁር ወይም ቀይ አሸዋና የገሞራ ድንጋይ ግን ለኮራል ገንዳ አይሆንም፤ ብረታ ብረት ሊለቅቅ ይችላልና። የሚመረጠው ከኮራልና ከዛጎል የተሠራው የካልሲየም ካርቦኔት አሸዋ ነው። በመሐል ከተማ የመንገድና የሕንፃ ሥራ አቧራም ሰዎችን ያሳስባል። የአቧራው ቅንጣት ራሱ በቶሎ አይሟሟም፤ ስለዚህ በመረብ ክዳን መከለል በቂ ነው።

ደረጃ 3፦ ንጹሕ ውሃ ማዘጋጀት

ከሁሉ የሚሻለው መፍትሔ ውሃውን አርኦ በሚባለው ሜምብሬን፣ ማለትም ውሃ በግፊት በሚያልፍበት እጅግ ስስ ወንፊት አጥልሎ፣ ቀጥሎ የሟሟ ማዕድናትን በሚይዝ ጥራጥሬ፣ በዲአይ ሬዚን፣ ማሳለፍ ነው። መሣሪያው በተለምዶ በተከታታይ የተደረደሩ አራት ክፍሎች አሉት፤ ደለል የሚይዝ 5 ማይክሮን ማጣሪያ፣ ክሎሪን የሚያስወግድ ካርቦን፣ ሜምብሬኑና በመጨረሻ ሬዚኑ። ካርቦኑ ካለቀ ክሎሪኑ ሜምብሬኑን ያበላሸዋል፤ የደለል ማጣሪያው ደግሞ በክረምትና ውሃ ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ከሌላው ጊዜ ፈጥኖ ይደፈናል፤ ስለዚህ በእነዚህ ጊዜያት ቀለሙን እየተመለከቱ ይቀይሩ።

የእኛ ከተማ ሁኔታ ሦስት ነገሮችን እንድንጠነቀቅ ያስገድዳል። አንደኛ፣ ሜምብሬኑ በደንብ የሚሠራው ከ3 እስከ 4 ባር በሚደርስ ግፊት ነው። ሮቶው ጣሪያ ላይ ቢሆንና እርስዎ ከሥሩ ባለው ፎቅ ቢኖሩ፣ 3 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው 0.3 ባር ብቻ ነው። በዝቅተኛ ግፊት ውሃው መውረዱን ባያቆምም ሜምብሬኑ የሚያስቀረው ነገር ስለሚቀንስ፣ የግፊት መጨመሪያ ፓምፕ መግጠም የግድ ይሆናል። ሁለተኛ፣ የሜምብሬን ምርት የሚገለጸው በ25 ዲግሪ ሙቀት ነው፤ ውሃው በአንድ ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ምርቱ በ3 በመቶ ገደማ ይወርዳል፤ ስለዚህ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ጀሪካኑ ዘግይቶ ቢሞላ መሣሪያው ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ሦስተኛ፣ ለእያንዳንዱ ሊትር ንጹሕ ውሃ ሦስት ወይም አራት ሊትር ወደ ፍሳሽ መስመር ይወጣል። ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር ይህን ማፍሰስ ይከብዳል፤ በተለየ በርሜል ተጠራቅሞ ለልብስ፣ ለወለልና ለመጸዳጃ ቤት ሊውል ይገባል።

አሁን ብዙዎችን የሚያደናግረው ነጥብ ላይ ደርሰናል። ማጣሪያው ደህና መሆኑን ለማወቅ የሚያገለግለው ቲዲኤስ (በውሃ የሟሙ ነገሮች ጠቅላላ መጠን) መለኪያ የሚለካው የውሃውን ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ችሎታ ነው። በውሃ የሟሟ ሲሊካ በተለመደው የአሲድነት መጠን የኤሌክትሪክ ሙል የለውም ማለት ይቻላል፤ ስለሆነም መለኪያው 0 እያሳየ ሲሊካ ሊያልፍ ይችላል። በዚያ ላይ ሬዚኑ ማለቅ ሲጀምር ቀድመው ከሚያመልጡት አንዱ ይኸው ሲሊካ ነው፤ ሬዚኑ አጥብቆ የሚይዛቸው ሌሎች ነገሮች ሲመጡ ደካማውን ሲሊካ አስለቅቀው ቦታውን ይወስዳሉ። ለወራት ደህና የነበረ ገንዳ ድንገት ሲጠይምና ቲዲኤሱ ምንም ሳያሳይ ሲቀር፣ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ይህ ነው። መከላከያው ሁለት ሬዚን በተከታታይ መግጠም ነው፤ የመጀመሪያው ቀለሙን ሲቀይር ይጣላል፣ ሁለተኛው ወደ መጀመሪያው ቦታ ይዛወራል፣ አዲሱ ከኋላ ይገባል። እንዲሁም መሣሪያው ቆሞ ሲነሳ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚወጣው ውሃ ከሌላው ጊዜ የቆሸሸ ስለሆነ ወደ ሬዚኑ ሳይገባ ቢፈስስ ሬዚኑ ዕድሜ ያገኛል።

መሣሪያው ለሌለው ሰው አማራጩ ጠባብ ነው። ውሃ ማፍላት ሲሊካን አያስወግድም፤ የኩሽና የሴራሚክ ማጣሪያም እንዲሁ። የታሸገ የመጠጥ ውሃ ከምንጭ የተቀዳ ከሆነ የራሱን ማዕድን ይዞ ይመጣል። ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው ውሃ አሲድ ያልገባበት መሆኑን በእርግጠኝነት መለየት ስለሚያስቸግር አልመክረውም። የክረምት ዝናብ በተፈጥሮው ሲሊካ የለውም ሊባል የሚችል ነው፤ ነገር ግን ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደ ዝናብ ዚንክ ይይዛል፤ ዚንክ ደግሞ ለቀንድ አውጣና ለኮራል መርዝ ነው። ለላቦራቶሪ የሚዘጋጅ የተጣራ ውሃ ከታመነ ሻጭ በጀሪካን መግዛት ለ60 ሊትር ገንዳ የሚቻል ነው፤ በሳምንት የሚያስፈልገው ከ13 እስከ 15 ሊትር ነውና።

ደረጃ 4፦ ጨው መቀላቀልና ውሃ መቀየር

የምግብ ጨው፣ ከአፋር የመጣ ንጹሕ ጨው ቢሆንም፣ ለዚህ አያገለግልም። ኮራል ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ሌሎችንም በትክክለኛ መጠን ይፈልጋል፤ ስለዚህ ለኮራል ገንዳ የተዘጋጀ የባሕር ጨው ቅልቅል ብቻ ይጠቀሙ። ለ6 ሊትር ንጹሕ ውሃ 220 ግራም ገደማ ይመዝኑ፤ ምግብ ነክ ባልሆነ ነገር ተይዞ በማያውቅ የፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ ውሃውን አስቀድመው፣ ጨውን ቀስ በቀስ ይጨምሩ። በትንሽ ፓምፕ እየተንቀሳቀሰ ለጥቂት ሰዓታት ይቆይ፤ ሙቀቱም እንደ ገንዳው 25 ዲግሪ ይድረስ። ከዚያ የጨው መጠኑ ለዚሁ በተሠራው መሣሪያ፣ በሬፍራክቶሜትር፣ ሲለካ በሺህ 35 መሆን አለበት። የተነነውን የምንተካው ግን ጨው በሌለው ንጹሕ ውሃ ነው።

ሽፋኑን ከገንዳው የማውጣቱ ሥራ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ መስታወቱን ከላይ ወደ ታች ይጥረጉ። ቀጥሎ ድንጋዩን ለዚሁ ብቻ በተለየ የጥርስ ብሩሽ ይፈትጉ፤ ኮራል ባለበት ጥግ ብሩሹ ሳይነካው በእጅ ውሃ እየገፉ ያራግፉት። ፓምፑን ዘግተው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይጠብቁ፤ የተበተነው ወደ አሸዋው ይሰፍራል። ከዚያ ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር የሆነ የጎማ ቱቦ ይውሰዱ። ቱቦውን ሙሉ በሙሉ በገንዳው ውስጥ አጥልቀው ውሃ እንዲሞላ ያድርጉ፤ አንዱን ጫፍ በአውራ ጣት ደፍነው ወደ ባልዲው አውርደው ይልቀቁት። በአፍ መምጠጥ ፈጽሞ አይገባም፤ በገንዳ ውስጥ ለሰው አደገኛ የሆነ መርዝ የሚያመነጩ ፍጥረታት ሊኖሩ ይችላሉ። የቱቦውን አፍ ከአሸዋው 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው በዝግታ ያንቀሳቅሱት፤ ቡናማው ንጣፍ እየተነሳ ሲገባና ከሥሩ ነጩ አሸዋ ሲገለጥ ይታያል። አሸዋው ራሱ መሳብ ከጀመረ ቱቦውን በጣት ቆንጠጥ ሲያደርጉት ይመለሳል። ባልዲው 6 ሊትር ሲሞላ ያቁሙ፤ የቀረ ካለ ለሚቀጥለው ሳምንት ይቆይ። በአንድ ጊዜ ግማሹን ውሃ መቀየር ለኮራሉም ሆነ ገና ለሚቋቋሙት ባክቴሪያዎች አይበጅም። ፓምፑን መልሰው መክፈትዎን ያረጋግጡ። የወጣው ውሃ ጨዋማ ስለሆነ የአበባ ማሰሮ ላይ አይፍሰስ፤ ተክሉን ያደርቀዋል።

ደረጃ 5፦ ብርሃን፣ እንቅስቃሴና ምግብ

ብርሃንን መቀነስ ዲያቶምን ብቻውን አያጠፋም፤ ዝቅተኛ ብርሃን ይበቃዋልና። ቢሆንም ገንዳው ውስጥ ኮራል ገና ካልገባ መብራቱ በቀን 6 ሰዓት ብቻ ቢበራ ሌሎች አልጌዎች ተከትለው እንዳይመጡ ያግዛል። ኮራል ካለ 8 ሰዓት፣ ለምሳሌ ከቀኑ 7 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት፣ በሰዓት መቆጣጠሪያ ቢደረግ ተስማሚ ነው። ቀጥተኛ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት አጠገብ ገንዳ አይቀመጥ።

የውሃው እንቅስቃሴ በሰዓት ከገንዳው መጠን ከ20 እስከ 30 እጥፍ፣ ማለትም ለ60 ሊትር ከ1200 እስከ 1800 ሊትር ይሁን። ምግብ ዓሣው በሁለት ደቂቃ የሚጨርሰውን ያህል ብቻ ይሰጥ፤ በፍሪዘር በረዶ ሆኖ የቆየ ምግብ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ይግባ። ናይትሬት በሊትር ከ2 እስከ 10 ሚሊ ግራም፣ ፎስፌት ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊ ግራም ቢሆን ጥሩ ነው። ሁለቱን ወደ ዜሮ ለማውረድ መሮጥ ከላይ ለተጠቀሰው ዳይኖፍላጄሌት በር ይከፍታል፤ ዲያቶምን ለማጥፋት ሲታገሉ የከፋውን የሚያመጡት በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው።

ደረጃ 6፦ የሚግጡ ፍጥረታት

ትሮኩስ፣ ሴሪትና ኔሪት የሚባሉት የባሕር ቀንድ አውጣዎች ዲያቶም በደንብ ይበላሉ። ሴሪት በአሸዋው ላይ፣ ትሮኩስ በመስታወቱና በድንጋዩ ላይ ይሠራል፤ ትሮኩስ ቢገለበጥ ራሱን ማቃናት ስለሚችል ለትንሽ ገንዳ ይመረጣል። ለ60 ሊትር ከአምስት እስከ ስምንት ይበቃሉ፤ ከዚያ በላይ ከሆኑ አልጌው ሲያልቅ ይራባሉ። የሚገቡት ከቆሻሻ መበስበስ የሚመጡት መርዞች፣ አሞኒያና ናይትራይት፣ ሁለቱም ዜሮ ከሆኑ በኋላ፣ በጠብታ ቀስ በቀስ ከገንዳው ውሃ ጋር ተላምደው ነው። በእኛ ከተማ እንደ ልብ ስለማይገኙ፣ ሳይገኙ ቢቀሩ በቱቦ ማጽዳቱ ሥራቸውን ይተካል።

ደረጃ 7፦ አስፈላጊ ከሆነ ብቻ፣ የብረት ኦክሳይድ ማጣሪያ

የሚጨመረው ውሃ ንጹሕ መሆኑ ተረጋግጦ፣ ከስምንት ሳምንት በኋላም ሽፋኑ ካልቀነሰ፣ የተጠራቀመውን ሲሊካ ለመሳብ ጂኤፍኦ የሚባለውን የብረት ኦክሳይድ ጥራጥሬ መጠቀም ይቻላል። ሲሊካንም ፎስፌትንም አንድ ላይ ይይዛል። በጥቅሉ ላይ ከተጻፈው መጠን በግማሽ ይጀምሩ፤ ዱቄቱ እስኪጠራ በንጹሕ ውሃ ያጥቡት፤ በስስ የጨርቅ ከረጢት አድርገው ውሃ በሚያልፍበት ቦታ ያስቀምጡት፤ ፎስፌትን በየሦስት ቀኑ ይለኩ። ፎስፌት ከ0.03 በታች ከወረደ ከረጢቱን ያውጡ። ካርቦን ሲሊካን አይይዝም፤ ለዚህ ሥራ አይገዛ።

መደረግ የሌለባቸው

ለቀይ ሽፋን ተብሎ ከፋርማሲ ኤሪትሮማይሲን ገዝቶ ገንዳ ውስጥ የመጨመር ልማድ አለ። ዲያቶም ባክቴሪያ ስላልሆነ መድኃኒቱ አይነካውም፤ ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች ሊጎዳ ይችላል፤ የሰው መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ መበተኑም የመድኃኒት መላመድን ያስከትላል። መዳብ ያለበት ማንኛውም የአልጌ ማጥፊያ ቀንድ አውጣውንም ኮራሉንም ይገድላል። ገንዳውን ለሦስት ቀን በጨርቅ ሸፍኖ ማጨለም ደግሞ ለዲያቶም ዘላቂ ጥቅም የለውም፤ ሲሊካው በነበረበት ይቆያልና።

ማጨለሙ በአዲስ አበባ ይበልጥ አደገኛ የሚሆንበት የራሱ ምክንያት አለው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2350 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። በ25 ዲግሪ የባሕር ውሃ፣ በባሕር ወለል ከፍታ በሊትር 6.7 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጂን ሊይዝ ሲችል፣ እዚህ 5 ሚሊ ግራም ገደማ ላይ ይሞላል። በጨለማ ገንዳ ውስጥ ኦክስጂን የሚሠራ የለም፤ የሚሞተው አልጌ ሲበሰብስ ደግሞ ያለውን ይጨርሳል። በውጭ አገር መመሪያዎች ላይ ደህና ሆኖ የሚታየው ሕክምና እዚህ ዓሣ የሚገድልበት አንዱ መንገድ ይህ ነው። በማንኛውም ጊዜ የአንዱ ፓምፕ አፍ የውሃውን ገጽ እንዲያናውጥ ተደርጎ ይቀመጥ።

መብራት ሲጠፋም የሚቀድመው ኦክስጂን ነው። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ወይም ፓምፑን ብቻ የሚሸከም ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ ያለው መሣሪያ) አስቀድሞ ይዘጋጅ። ማሞቂያው ብዙ ኃይል ስለሚበላ በዩፒኤስ አይቻልም፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ቀዝቃዛ ሌሊቶች መብራት ከሄደ ገንዳውን ከጎኖቹ በብርድ ልብስ ወይም በጋቢ መጠቅለል ሙቀቱ ቀስ ብሎ እንዲወርድ ያደርጋል። ከላይ ግን ለአየር ክፍት ይሁን።

ምን ያህል መጠበቅ ያስፈልጋል?

በንጹሕ ውሃ የተቋቋመ ገንዳ ውስጥ ሽፋኑ ከታየ በኋላ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ውስጥ ይበረታል፤ ከዚያ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ እየሳሳ ይሄዳል። መጀመሪያ የሚጠራው መስታወቱ ነው፤ አሸዋው በመጨረሻ ይነጻል። ቀስ በቀስ አረንጓዴ አልጌ በጥቂቱ ብቅ ሲል፣ ከዚያም ድንጋዩ ላይ ሮዝና ወይን ጠጅ ነጠብጣቦች ሲታዩ፣ ገንዳው ወደ ቀጣዩ ምዕራፍ መሻገሩን ያሳያል። የመጀመሪያዎቹን ለስላሳ ኮራሎች ማስገባት የሚሻለው በዚህ ጊዜ ነው፤ አልካላይኒቲ፣ ማለትም ውሃው የአሲድነት ለውጥን የመቋቋም አቅሙ፣ ዲኬኤች በሚባለው መለኪያ ከ8 እስከ 9፣ ካልሲየም በሊትር ከ400 እስከ 450 ሚሊ ግራም ሆኖ ለሁለት ሳምንት ያህል ሳይናወጥ ከቆየ በኋላ። ሽፋኑ ጠፍቶ ከወራት በኋላ ተመልሶ ከመጣ ከደረጃ 1 ጀምሮ እንደገና ይለዩት፤ ዲያቶም ሆኖ ከተገኘ በቀጥታ ወደ ሬዚኑ ይሂዱና ከማጣሪያው የሚወጣውን ውሃ ሲሊካ ይለኩ።